ጭሱ የሸፈነው መስኮት

አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰርግ አያነሳም፤ ልደትም ምርቃትም አይወድም። የሚያነሳው ባቡር ብቻ ነው። ለምን ሲባል፣ "ሰው ዓይኑን ይጨፍንብሃል፣ ከዚያ ደግሞ 'አወፈርከኝ' ብሎ ይጣላሃል። ባቡር ግን ሐዲዱን ለቆ አይሄድብህም" ይላል። ነገሩ ውሸት አይደለም። ከሰው መሸሽ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጥሩ ምክንያት ቸግሮት አያውቅም።

የዚህ ሰው ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ፎቶ ነው። የባቡር ራስ፣ የባቡር ጎማ፣ ድልድይ ላይ ያለ ባቡር፣ ከዋሻ አፍ የሚወጣ ባቡር። የእናቱ ፎቶ ግን የለም። እናቱ የሞተችው እሱ በተወለደበት ቀን ነው፤ በሕይወት ሳለችም ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ስለ መልኳ የሚያውቀው አባቱ የነገሩትን ብቻ ነበር። ጠይም ናት፤ አንገቷን ሦስት ረድፍ ተነቅሳለች፤ ስሟ ወለላ ነው። የት እንደተቀበረች ሲጠይቅ አባቱ "ሩቅ ነው፣ ቆላ ነው" ብለው ዝም ይላሉ። ልጅ ሳለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ሲያድግ መጠየቁን ተወው።

አባቱ በድሮው የከሰል ባቡር ላይ እሳት ቆስቋሽ ነበሩ። እሳት ቆስቋሽ ማለት ከሹፌሩ አጠገብ ቆሞ ከሰሉን በአካፋ እየዛቀ ወደ ምድጃው የሚወረውር ሰው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ያን ምድጃ ሲያዩ ኖረው በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ። ባቡሩም እንደ እሳቸው ጡረታ ወጣ። በናፍጣ የሚሄድ ሌላ መጣና የከሰሉ ባቡር መጋዘን ገብቶ ሸረሪት አደራበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ወሬ ተሰማ። የከሰሉ ባቡር ተጠግኖ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ጎብኚ ጭኖ፣ ከደጋው ከተማ እስከ ቆላው ጣቢያ ሊወርድ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ እሳቱ ለዘለዓለም ይጠፋና ባቡሩ ሙዚየም ውስጥ ይቆማል። አገር ያለው ባቡር ወዳድ ሁሉ ካሜራውን ይወለውል ጀመር። የእኛው ሰውማ እንቅልፍ አጣ።

ለቀድሞ ሠራተኞች ሁለት ሁለት የክብር ትኬት ተሰጣቸው። አባትየው ትኬታቸውን በመሃረብ ጠቅልለው ልጃቸውን አስጠሩት።

"ቁጭ በል" አሉት። "ዛሬ የምነግርህን ድሮ መንገር ነበረብኝ።"

ቁጭ አለ።

"እናትህ የሞተችው ባቡር ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው ተብሎ፣ ቆላ ያሉት እናቷ ዘንድ እንድትታረስ እኔው ነኝ ያሳፈርኳት። እኔ ፊት እሳቱ ጋ፣ እሷ ሦስተኛው ፉርጎ። ከብረት ድልድዩ ወዲያ ስንሻገር ጎርፍ ሐዲዱን ቆርጦት ጠበቀን። አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት በረሃ ላይ ቆምን። ምጡ መጣ። አንተ ወጣህ፤ እሷ አልቻለችም።"

ልጁ የካሜራውን ማንገቻ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

"ሙቀቱ ሬሳ አያሳድርም" አሉ አባትየው። "ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ። በእኔው አካፋ ተቆፈረ። ከሐዲዱ በስተቀኝ ነው። ድንጋይ ከመርንባት። አንተን አንዲት ተሳፋሪ ከልጇ ጋር አጠባችህ፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወረደች። ሐዲዱ ሲጠገን ሹፌሩ 'በል እሳት' አለኝ። እኔው ራሴ እሳቱን ቆስቁሼ ጥያት ሄድኩ።"

"ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም፣ አባባ?"

"አፈርኩ። ሲያድግ እነግረዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ስታድግ ደግሞ አንተ ጊዜ አጣህ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ አልፍባት ነበር። እዚያ ስደርስ አካፋዬን አስቀምጣለሁ። ጭስ አላወጣባትም። ሹፌሮቹም ያውቁልኛል፣ ፊሽካውን ሦስቴ ያስጮሁልኛል። ለቅሶዬ ይኸው ነበር።"

"ቦታው ምልክት አለው?"

"የለውም። ድንጋዩንም ጎርፍ በትኖት ይሆናል። በእግሬ ብሄድ አላገኘውም፣ በመኪናም አላገኘውም። በዚያው ባቡር ላይ ከተቀመጥኩ ግን ወገቤ ያውቀዋል። ከድልድዩ በኋላ ሐዲዱ ይታጠፋል፣ ትንሽ ዳገት አለች፣ ሞተሩ ይከብደዋል። ነፋሱ ከአንዱ ጉንጬ ወደ ሌላው ይዞራል። ያኔ እጄን በመስኮት አወጣለሁ። እጄ የጠቆመውን የሚያይ ዓይን ግን የለኝም። ዓይኑ አንተ ነህ። ባቡሩ ደግሞ ዳግመኛ አይሄድም። አጠገቤ ተቀመጥና አሳይህ፤ ከዚያ ቄስ ወስደን እናስፈታታለን፣ እኔም አርፌ እሞታለሁ።"

ልጁ አለቀሰ። የአባቱን ጉልበት ሳመ። እሺ አለ። ይህ ሰው ክፉ ነበር እንዳትሉ፤ ያን ቀን ያለቀሰው ከልቡ ነው።

ሁለት ቀን አደረና ግን ሌላ ሐሳብ ይነዘንዘው ጀመር። ባቡር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ባቡሩን አያይም። ያ ሁሉ እንፋሎት፣ ያ ሁሉ ብረት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ቁልቁል ሲወርድ፣ እሱ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ማጅራት ሲያይ ሊውል ነው። ጓደኞቹ በመኪና እየቀደሙ፣ በየመታጠፊያው እየጠበቁ ሊያነሱት ተዘጋጅተዋል። ሙዚየሙ ደግሞ ከሁሉ የበለጠውን ፎቶ አሳድጎ ከባቡሩ አጠገብ ሊሰቅል ነው ተብሏል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው? አባቱ ዘንድ ተመለሰ።

"አባባ፣ አስቤበት ነበር። የሰው ዓይን ይረሳል፣ ካሜራ አይረሳም። እኔ በመኪና እየቀደምኩ ልጠብቅዎት። እጅዎን ሲያወጡ ከነእጅዎ አነሳዎታለሁ። ቦታው ፎቶ ላይ ይቀራል፤ ከማየትም ይበልጣል።"

ሽማግሌው ትኬቶቹን የጠቀለሉበትን መሃረብ አጠበቁ። "መቃብሩ በቀኝ በኩል ነው" አሉ።

"በቀኝ በኩል እቆማለሁ። ስደርስም ሁለቴ ክላክስ አደርጋለሁ። በዚያ መኖሬን ይወቁ።"

"በቀኝ በኩል?"

"በቀኝ በኩል፣ አባባ።"

"እሺ። ወንበሩን ግን ለማንም አልሰጥም፤ የአንተ ነው።"

ቀኑ ደረሰ። ባቡሩ ተቀብቶ፣ አበባ ተንጠልጥሎበት፣ እንፋሎት እየተነፈሰ ከደጋው ጣቢያ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ፣ ሴቶች እልል አሉ። ሽማግሌው ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ካለው መስኮት ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ የድሮ የሥራ ኮፍያቸውን አኖሩ። ከውጭ ስምንት መኪና አቧራ እያስነሳ ባቡሩን ቀድሞ ወረደ። ከስምንቱ አንዱ የልጃቸው ነው።

ጠዋት ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ነበረች። ፎቶ አንሺው አንድ ገደል አፍ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ባቡሩ ብቅ ሲል ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፣ ፈገግ አሉ። አነሳቸው። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ፎቶውን ሲያይ ከአባቱ ትከሻ ኋላ ነጭ ነገር አለ፤ የነጠላ ጫፍ ይመስላል።

"አንዷ መጥታ ተቀመጠችበት ማለት ነው" አለ በሆዱ። "ለካ አባባም አፋቸው እንጂ ልባቸው አይጨክንም።" እንዲያውም ቅልል አለው። ወንበሩ ባዶ አለመሆኑ ከደረቱ ላይ አንድ ነገር አነሳለት።

እኩለ ቀን ላይ ባቡሩ ውኃ ሊሞላ መካከለኛው ጣቢያ ቆመ። ተሳፋሪው ምሳ ሊበላ ወረደ። ፎቶ አንሺው መጥቶ በሦስተኛው ፉርጎ በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ አየ። አባቱ አሉ። አጠገባቸው ወንበሩ ላይ ኮፍያው ብቻ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ምሳ ወርዳ ይሆናል አለ።

"ልጄ?" አሉ ሽማግሌው በመስኮቱ። እርምጃውን ያውቁታል።

"አቤት አባባ።"

"ከዚህ ቀጥሎ ድልድዩ ነው። በል አሁን ውጣ።"

"መኪናውን የት ላድርገው? ደግሞ ተነጋግረን ጨርሰናል። በቀኝ በኩል ነኝ፣ አያስቡ።"

ይህን ብሎ የሄደው ወደ ሞተሩ ነው። በዕለቱ የሚሠራውን እሳት ቆስቋሽ ጠጋ ብሎ ለመነው። የባቡር ፎቶ አንሺዎች ልማድ ነው፤ ጭስ የሌለው የከሰል ባቡር ለእነሱ ወጥ የሌለው እንጀራ ነው።

"ወንድሜ፣ ከድልድዩ በኋላ ያለችው መታጠፊያ ላይ ጭስ አብዛልኝ። ጥቁር ይሁን፣ ወፍራም።"

እሳት ቆስቋሹ ራሱን አከከ። "እዚያ አካባቢ ጭስ እንዳታወጣ ብለው ለምነውኛል እኮ፣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ። ድሮ እዚህ ሞተር ላይ የሠሩ ናቸው አሉ። ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።"

"አባቴ ናቸው" አለ ፎቶ አንሺው። "እኔ እነግራቸዋለሁ። ችግር የለውም።"

አልነገራቸውም። ሊነግራቸውም አላሰበም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር ወደ ድልድዩ ወረደ።

መታጠፊያዋ ጋ ሲደርስ እንደ ቃሉ መኪናውን በቀኝ በኩል አቆመ። ወረደ። በካሜራው አየ። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ወደ ግራ ተሻግራለች። ከቀኝ በኩል ሲታይ ባቡሩ ፊቱ ጨለማ፣ ጥላ ብቻ ሊሆን ነው። በግራ በኩል ደግሞ ሰባቱ ጓደኞቹ ተደርድረዋል፤ ሐዲዱ፣ ድንጋዩ፣ የድልድዩ ብረት ሁሉ በእነሱ ፊት ወርቅ መስሏል። የባቡር ፎቶ አንሺ የመጀመሪያ ሕግ ከፀሐይ ጎን መቆም ነው። ጀማሪ እንኳ አይስተውም።

"ኧረ ምን ትሠራለህ እዚያ?" ብሎ ጮኸ አንዱ። "ጥላ ልታነሳ ነው?"

ሁሉም ሳቁ። ፎቶ አንሺው ከራሱ ጋር ተነጋገረ። ድልድዩን እንዳለፉ ወዲያው አይሆንም፣ ቦታው ገና ወደ ታች ነው። እዚህ አንድ ፎቶ ብቻ ላንሳ። ከዚያ ወደ ቀኝ ተሻግሬ እከተላቸዋለሁ። ለራሱ እንዲህ ካለ በኋላ መኪናውን ይዞ በባቡር ማቋረጫው ተሻግሮ ወደ ግራ ሄደ።

ባቡሩ ከሩቅ ድልድዩ አፍ ላይ ታየ። ፎቶ አንሺው ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ለምን እንዳደረገው ኋላ ሲጠየቅ እሱም አያውቅም፤ ልማድ ሆኖበት ይሆናል። ሹፌሩ የጥንቱን የሠራተኞች ወግ ሰምቶ ኖሮ ፊሽካውን ሦስቴ አስጮኸ። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው። ሦስቱ ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አራተኛ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ የፊሽካ አይመስልም። ጓደኛሞቹ ተያዩ። ነፋሱ ቆሟል፤ ሣሩ እንኳ አይነቃነቅም።

ፎቶ አንሺው ረጅሙን ሌንስ ወደ ሦስተኛው ፉርጎ አዞረ። በግራው መስኮት አሻግሮ ሲያይ ሴትዮዋ አለች። ነጠላ ተከናንባ፣ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ፣ ከአባቱ ጋር ወደ ቀኙ መስኮት ታያለች። አንድ አነሳ። አባቱ ወደ ሴትዮዋ ዘንበል ብለው አንድ ነገር ሲናገሩ ተመለከተ። ባቡሩ መታጠፊያዋን ሲይዝ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ የሚራመድ ሰው የሚደርስበት ያህል ቀስ አለ። ፎቶ አንሺው ደስ አለው። እንዲህ ያለ ዕድል አይገኝም።

ሴትዮዋ መዞር ጀመረች።

ቀስ ብላ ነው የዞረችው፤ የተጠራችበትን እንደምትፈልግ ሰው። ነጠላዋ ከራሷ ሸርተት አለ። ጉንጯ ታየ። አንገቷ ታየ። ፎቶ አንሺው ሌላ አንድ አነሳ። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ሊዞር ትንሽ ሲቀረው ከሞተሩ ያ የለመነው ጭስ ወጣ። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው። ነፋስ ስለሌለ ወደ ላይ አልሄደም፤ ተንከባሎ በፉርጎዎቹ ላይ ወረደና የሦስተኛውን ፉርጎ መስኮት ሸፈነው።

"ወይ ጉድ! ወይ ጭስ!" ጓደኞቹ በደስታ ይጮኻሉ። እሱም ጣቱን ከካሜራው ሳያነሳ ደጋግሞ ተጫነ። ጭሱ ሲገለጥ ፉርጎው እያለፈ ነው። የመጨረሻውን ሲያነሳ መስኮቱ ውስጥ የአባቱ ማጅራትና ባዶ ወንበር ብቻ ይታይ ነበር።

እየሮጠ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ ባቡሩን እስከ ቆላው ጣቢያ ተከተለ። በመንገድ ሁሉ የአባቱን መስኮት ሲያይ ሄደ። እጅ አልወጣም።

ጣቢያው ላይ ሰው ሁሉ ወረደ። ሽማግሌው መጨረሻ ወረዱ፤ ትኬት ቆራጩ ክንዳቸውን ይዟቸዋል። ኮፍያው እጃቸው ላይ ነው።

"አባባ፣ እጅዎን ሳያወጡ ቀሩ?"

"አወጣሁ" አሉ። "እስኪዝል አወጣሁ። መታጠፊያዋ ላይ።"

ፎቶ አንሺው ወሬ ለማስቀየር ይሁን ፈርቶ፣ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። "አጠገብዎ የተቀመጠችው ሴት ማን ናት?"

"የት?"

"ወንበሩ ላይ ነዋ። የእኔ ወንበር ላይ።"

"ማንም አልተቀመጠም።"

"አልተቀመጠም" አለ ትኬት ቆራጩም። "እኔ ራሴ አንዲት እናት ላስቀምጥ ብዬ ስለምናቸው እምቢ አሉኝ። ኮፍያቸው ነው እንደ ሰው ተከብሮ የመጣው። አሮጌ ሞተር ደግሞ አመሉ ብዙ ነው፤ መታጠፊያዋ ላይ እንዴት ቀስ እንዳለ አይታችኋል? ሹፌሩ 'እኔ ፍሬን አልነካሁም' ብሎ እየማለ ነው።"

ሽማግሌው ልጃቸውን በእጃቸው ፈልገው ትከሻውን ያዙት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ምን ለብሳለች?"

"ነጠላ።"

"አንገቷስ?"

ልጁ ካሜራውን ከፍቶ ፎቶዎቹን አየ። በመጀመሪያው የነጠላ ጫፍ አለ። በሁለተኛው ጀርባዋን የሰጠች ሴት። በሦስተኛው ጉንጯና አንገቷ። አቀረበው። ሦስት ረድፍ ንቅሳት ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭስ ነው፤ በመጨረሻው ባዶ ወንበር።

"ክላክስህን ሰማሁት" አሉ ሽማግሌው። "በግራ በኩል ነበር።"

ፎቶ አንሺው ሰው መሐል መሆኑን ረስቶ አለቀሰ። "አባባ፣ በግራ መሆኔን ካወቁ ታዲያ እጅዎን ለምን አወጡ? ማን ያየዋል ብለው?"

"ለአንተ መሰለህ?" አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። "ቦታው ላይ ስንደርስ እጄ ራሱ ተነሳ። እሷን ነው ያናገርኳት። 'ልጅሽን አንድ ቀን አመጣልሻለሁ' ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ባለፍኩ ቁጥር። ዛሬ ምን ልበላት? 'መጥቷል' አልኳት። 'መጥቷል፣ ግን በወዲያ በኩል ነው ያለው፤ ፀሐይ ባለችበት። ዞር ብለሽ እይው' አልኳት።"

ሽማግሌው ከክረምቱ በፊት ሞቱ። በመጨረሻው ቀን እንኳ አልወቀሱትም፤ ኮፍያቸውን ብቻ ሰጡት። ልጃቸው መታጠፊያዋ ጋ ደጋግሞ ሄደ። ቄስም ወሰደ። በቀኝ በኩል ያለው ሜዳ ግን ዓይን እስኪደክም ድንጋይ ነው፣ ሁሉም ድንጋይ አንድ ነው፣ ሁሉም መቃብር ይመስላል። ቄሱ "የትኛው ላይ ልጸልይ?" ብለው ጠየቁት። እሱም "አላውቅም አባቴ" አለ። ዓይን እያለው አላየም፤ ዓይን ሳይኖራቸው ቦታውን የሚያውቁትን አባቱንም አጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ያ የጭስ ፎቶ ግን አንደኛ ወጣ። ግድግዳ አክሎ ታትሞ ሙዚየሙ ውስጥ ከቆመው ባቡር አጠገብ ተሰቀለ። የሚያየው ሁሉ "ጭሱ! እንዴት ያለ ጭስ ነው!" እያለ ይደነቃል። ፎቶ አንሺው እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ከሦስተኛው ፉርጎ መስኮት ፊት ለፊት ይቆማል፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይይዛል። ሰው ሲያጨበጭብለት አይሰማም።

ሙዚየሙን የሚያጸዱት ሴትዮ አንድ ነገር ይላሉ። ፎቶውን በሸፈነው መስታወት ላይ፣ ልክ የሦስተኛው ፉርጎ መስኮት ጋ፣ ጣት የሚያክል የተጠረገ ነገር አለ። ጥላሸት የጠረገ ጣት ይመስላል። በጨርቅ ቢወለውሉት፣ በሳሙና ቢያሹት አይለቅም፤ ምክንያቱም ያለው ከውስጥ በኩል ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ትንሽ ይሰፋል ይላሉ። ፎቶ አንሺው ይህን ከሰማ ወዲህ እሑድን አይጠብቅም፣ በየቀኑ ይመጣል።

ወዳጄ፣ የዚህ ታሪክ ነገር ሩቅ አይደለም። አንድን ነገር ማስቀረትና ማየት አንድ አይደሉም። ሁሉን በኋላ አየዋለሁ ብለን የምናስቀምጠው ብዙ ነው፤ ሰው ግን ተቀምጦ አይቆይም፣ ወንበር የሚይዝልንም ዕድሜው አጭር ነው። እናስውበው ብለን የለመንነው ጭስ፣ ልናየው የሚገባንን ፊት ሲሸፍንብን ደግሞ የምንከሰው ሌላ ሰው የለም። ይህ ሰው የሚፈልገው መጥቶለት ነበር። ዞሮም አይቶት ነበር። እሱ ግን የቆመው ፎቶ በሚያምርበት በኩል ነው።

ስለዚህ ይህን ለሌላ ከማሳለፍህ በፊት እስቲ ራስህን ጠይቅ። ኮፍያውን ባዶ ወንበር ላይ አድርጎ አንተን የሚጠብቅ ማን አለ? አንተስ ዛሬ ከሐዲዱ በየትኛው በኩል ቆመሃል?